ጠባይ ያለው ሮቦት ከውዳቂ ዕቃ፦ ምኑን ከምን መምረጥ ይሻላል?

መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ዕቃ አይሞትም። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ሣጥን። እዚህ መሐል ሮቦት ልሥራ ብሎ የገባ ሰው ችግሩ ዕቃ ማጣት አይደለም፤ ሁሉም ዕቃ ሮቦት መስሎ ይታየዋል። ሠርቶ የሚያቆመውም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ አራት ማዕዘን ሆድ፣ አራት ማዕዘን ራስ፣ ለዓይን ሁለት ብሎን፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ሁለት እጅ። ሮቦት መሆኑን ያየው ሁሉ ያውቃል። ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ስለዚህ እዚህ ላይ ምርጫዎቹን የማወዳድረው በዚህ ጥያቄ ነው። ዋጋም ጥንካሬም ይነሣሉ፤ ሚዛኑ ግን ጠባይ ነው። ይህ ዕቃ፣ ይህ ማያያዣ ለጠባዩ ምን ይጨምራል፣ ምንስ ይቀንሳል?

ከሰውዬው መነሣት ወይስ ከዕቃው?

ከሰውዬው የሚነሣ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ማንን እንደሚሠራ ይወስናል። "ዘበኛ" አይበቃም፤ ዘበኛ ሥራ እንጂ ጠባይ አይደለም። "ከእንቅልፍ ጋር የሚታገል ዘበኛ" ሲባል ግን ግማሹ ሥራ አለቀ። አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይዘምማል፣ የዓይኑ ቆብ እስከ ግማሽ ይወርዳል፣ ክብደቱ ዱላው ላይ ያርፋል። "አፉ የማያርፍ ወያላ" ከሆነ ደግሞ ደረቱ ወደ ፊት ያጋድላል፣ አንድ እጁ አየር ላይ ነው፣ አፉ የፊቱን ግማሽ ይይዛል። አንድ ቅጽልና አንድ ድርጊት በእጃችሁ ካለ ገበያ ውስጥ ዓይናችሁ ራሱ ይመርጣል። ከሌለ ያብለጨለጨውን ሁሉ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ።

ከዕቃው የሚነሣው ደግሞ አንድ ነገር ያይና "ይሄ እኮ አፍንጫ ነው" ይላል። ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1951 ልጇን ያቀፈች ዝንጀሮ ሲሠራ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። የገዛ ልጁን ሁለት የመጫወቻ መኪኖች ሆድ ለሆድ ገጥሞ ፊቷን አወጣ፤ ጅራቷን ከመኪና ባሌስትራ (ጠፍጣፋ ሞላ) ሠራ። መኪኖቹ አሁንም መኪና ናቸው፣ ፊቱም ፊት ነው፣ ደስታው ያለው በሁለቱ መሐል ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣ ግኝት ከታሰበው ይበልጥ ያስቃል። ችግሩ በትእዛዝ አለመምጣቱ ነው፤ ዓይኑም የሚሰላው ከተወሰነ ልምድ በኋላ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከሰውዬው ተነሡ። መንገድ ላይ "አፍንጫ" ካገኛችሁ ደግሞ ዕቅዱን ለመቀየር አትሰስቱ።

ስለ ግዢ አንዲት ምክር ጣል ላድርግና ልለፍ፤ ዋጋ ሳትቆርጡ ለምን እንደፈለጋችሁት አትናገሩ። በኪሎ የሚሸጠው ብረት "ለአርት ነው" ከተባለ በዚያው ቅጽበት በነጠላ መሸጥ ይጀምራል።

የወጥ ቤት ዕቃ፣ የመኪና ብረት ወይስ ኤሌክትሮኒክስ?

የወጥ ቤት ዕቃ ክብና ሆዳም ነው። ድስት፣ ማንቆርቆሪያ፣ ፔርሙዝ፣ ወንፊት፣ ጭልፋ፣ የወተት ቆርቆሮ። እጀታው ትከሻ ወይም ጆሮ፣ የማንቆርቆሪያው አፍ አፍንጫ ለመሆን ብዙም አይለመንም። ከዚህ ወገን የሚወጡት ሮቦቶች ደግ፣ ያረጁ፣ ቀልደኛ፣ እንግዳ የሚወዱ ይሆናሉ። ደጋግሞ ምድጃ ላይ የዋለና ጎኑ የተጨረማመተ ድስት ዕድሜውን ለመናገር ቀለም አያስፈልገውም። አልሙኒየሙ ደግሞ ክብደቱ ከብረት ሲሦ ገደማ ነው (በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም፣ ብረቱ 7.8)፣ በተራ የእጅ ትራፓኖም ይበሳል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ማንኪያና ሹካ እግር ሲሆን ክብደት አይችልም፣ ይጎብጣል። አስፈሪ ወይም ግርማ ያለው ሰውም ከድስት አይወጣም፤ የፈለገውን ያህል ብታኮሳትሩት ያስቃል።

የመኪና ብረት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ ከመለዋወጫ ነጋዴዎች ዘንድ የሚገኘው ካንዴላ፣ ኩሽኔታ (በውስጡ ኳሶች ያሉት የመሽከርከሪያ ቀለበት)፣ ማርሽ፣ ካቴና፣ ሞላ፣ ፒስቶንና ቢዬላ (ፒስቶኑን የሚይዘው ክንድ) ሁሉ ኮስታራ ነው። ትልቁ ስጦታው መገጣጠሚያው ነው፤ ፒስቶንና ቢዬላው በአንድ ዘንግ የተያያዙ በመሆናቸው ጉልበት ወይም ክርን ከፋብሪካ ተሠርቶ መጥቶላችኋል። ለጀግና፣ ለጉረኛ፣ ለአለቃ፣ "እኔ ሳልፈቅድ ማንም አያልፍም" ለሚል ሰው የሚመረጠው ይህ ነው። ዋጋው ክብደቱ ነው፤ ከጉልበት በላይ ከፍ ያለ ሮቦት ለማንቀሳቀስ ሰው መጥራት ይጠይቃል። አንድ ሌላ ነገር ልናገር፤ ካንዴላ በካንዴላ የተበየደ ሰው በዓለም ዙሪያ ሞልቷል፣ ሁሉም ወንድማማች ይመስላሉ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ጭንቅላቱን ከሌላ ዓለም ቢያመጣ ይመረጣል።

ሦስት የመኪና ዕቃዎችን ግን አትንኩ። ያረጀ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይፈጭም፣ አይቦርሽም። አሞርዛተር (የመኪና መንገጫገጭ ማብረጃ) በውስጡ የታመቀ ጋዝና ዘይት ስላለ አይቆረጥም፣ እሳትም አይነካውም። የነዳጅ ጋን ባዶ ቢመስልም ትነቱ ይፈነዳል።

ኤሌክትሮኒክሱ ጭንቀታም፣ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ወሬ አብዢ፣ የዘመኑ ልጅ ለመሥራት ይመቻል። የኪቦርድ ቁልፍ ጥርስ፣ የሬዲዮ ስፒከር አፍ፣ የተጠማዘዘ የስልክ ሽቦ ፀጉር ይሆናል። እዚህ ላይ አደጋው መበታተን ነው፤ ከሁሉም ዓይነት አንድ አንድ የተለጠፈበት ሮቦት የመለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ መስሎ ይቀራል። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ ከተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ሰሌዳዎች ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎች ይሠራል። ሮቦት አይደሉም። ግን አንድ ትንሽ ነገር እልፍ ጊዜ ሲደጋገም ቆዳ እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያሳይ የለም። ሙሉ ደረቱ በኪቦርድ ቁልፍ ብቻ የተሸፈነ ሮቦት ሃያ ዓይነት ጌጥ ከተንጠለጠለበት ይልቅ ሰው ይመስላል።

የዕቃው ዘመንም የሮቦቱ ዕድሜ መሆኑን ኮሪያዊው ናም ጁን ፓይክ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሠራቸው የሮቦት ቤተሰቦች አያቶቹ የተገነቡት ከቆዩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሣጥኖች ሲሆን ሕፃኑ ከዘመኑ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ነው። አያትየው አያት መሆናቸውን ለማወቅ ሽበት አያስፈልግም። የእኛ ሰው ደግሞ ባለ እንጨት ሣጥኑን የሳሎን ሬዲዮ ሲያይ ከፊቱ የሚደቀነው አንድ አባት ነው፤ ያንን ሣጥን ለወጣት ሮቦት ማዋል ብክነት ነው።

ከኤሌክትሮኒክስ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ የተበላሸ ፕሪንተር ይሁን። ለስላሳ የብረት ዘንጎች፣ ጥርስ ያላቸው ማርሾች፣ ትናንሽ ሞላዎች፣ አንድ ሁለት ሞተሮች ከአንድ ሣጥን ይወጣሉ። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ከየቤቱ ደጅ የሚወጣ ቆሻሻ ውስጥ እንደ ፕሪንተር የሚጣል ዕቃ ያለ አይመስለኝም። የማይከፈቱት፦ ባለ ትልቅ መስታወት አሮጌ ቴሌቪዥን (ከተነቀለም በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ መስታወቱም እርሳስ አለበት)፣ ማይክሮዌቭ፣ ያበጠ የስልክ ባትሪ። የኮምፒውተር ሰሌዳ ስትቆርጡም የሚወጣው ብናኝ የመስታወት ቃጫ ነውና አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ከሦስቱ ምረጥ ብባል ለመጀመሪያ ሥራ ሰውነቱን ከወጥ ቤት፣ እግሩንና መቆሚያውን ከመኪና፣ ዓይኑን ከኤሌክትሮኒክስ አደርገዋለሁ። ግን አንዱ ወገን በግልጽ ይብዛ። እኩል ሲሆኑ ሮቦቱ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም።

ዓይን

ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነው። የቀረውን ሁሉ በጥድፊያ ሠርታችሁ ዓይኑን ካገኛችሁት ሥራው ጸንቶ ይቆማል። የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም።

ኩሽኔታ ዓይን ሲሆን መሐሉ ባዶ ስለሆነ የደነገጠ፣ ዜና የሰማ ሰው ይሆናል። ዳዶ ትንሽና ጠባብ ነው፤ ተጠራጣሪ ያደርጋል፣ የሒሳብ ሹም ለመሥራት ጥሩ ነው። ቆርኪ ልጅነት አለው። የመኪና ፍሬቻ ብርቱካናማ በመሆኑ ሁልጊዜ ወይ ተቆጥቷል ወይ አተኩሶታል። ከሁሉ የምመርጠው የአሮጌ ካሜራ ሌንስ ነው። ጥልቀት ስላለው ወዲያ ወዲህ ስትሉ የሚከተላችሁ ይመስላል፣ ኮስታራም ደግም መሆን ይችላል። ሌንስ ከጠፋ ከኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚወጣው የሚያብረቀርቅ ክብ ይተካዋል፣ ነገር ግን የአንዳንዱ ላፕቶፕ ዲስክ መስታወት ነውና ልትቆርጡት ወይም ልትበሱት አትሞክሩ።

ለማንኛውም ዓይነት ዓይን ወሳኙ ከላዩ ያለው ነገር ነው። ከቆርቆሮ የተቆረጠ ግማሽ ክብ እንደ ቆብ ሲደፋበት ያው ኩሽኔታ ከድንጋጤ ወደ እንቅልፍ ይዞራል። ቆቡን ወደ ውስጥ አዘንብሉት፣ ተቆጣ። ወደ ውጭ አዘንብሉት፣ አዘነ። ሁለቱን ቆቦች እኩል አታድርጓቸው፤ አንዱ ትንሽ ከፍ ሲል "እውነትህን ነው?" የሚል ሰው ይወጣል። ይህን ሁሉ በማስቲሽ ሳታጣብቁ በፕላስተር ለጥፋችሁ ሞክሩት።

ቦታውም ይናገራል። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ አጥኚ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 እንደጻፈው ሰው ትልቅ ግንባር፣ ወደ ታች የወረደ ትልልቅ ዓይንና ጉንጫም ፊት ሲያይ ሕፃን ያየ ያህል ሆዱ ይባባል። ዓይኖቹን ከፊቱ እኩሌታ በታች ካደረጋችሁ ልጅ ነው፤ ወደ ላይ ካወጣችሁና መንጋጋውን ካሰፋችሁ ባለሥልጣን ነው። የዓይኑ ብሌን ደግሞ ቀጥታ ወደ ፊት ካፈጠጠ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ወደ ጎን ሲያይ ግን የሚደብቀው ነገር አለው።

አፍ ብዙ ጊዜ ይቀራል ባይ ነኝ። ዓይንና አቋም ከሠሩ አፍ ነገሩን ይደግመዋል እንጂ አይጨምርም። ወያላው ግን ያለ አፍ አይሆንም።

አቋሙን ለመፈተን ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ እዩት፤ ወይም ማታ ከኋላው መብራት አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ጥላ ተመልከቱ። ፊቱ ሳይታይ ጠባዩ ካልታወቀ ትከሻው፣ አንገቱ ወይም የእግሩ አቋቋም ገና አልተሠራም። ክብደቱን በአንድ እግር ላይ ማሳረፍና ሁለቱን እጆች የተለያየ ሥራ ማስያዝ ብቻውን ግማሹን ይፈታዋል።

ብየዳ፣ ብሎን ወይስ ማጣበቂያ?

ብየዳ ጠንካራ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ደጅ ለሚቆም ሐውልት ተወዳዳሪ የለውም። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፒር ባለው መሐል ተሠርቶ ወፈር ያለ ብረትን እንደ አንድ አካል ያደርጋል። የማይሠራበትን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የወተት ቆርቆሮ ከወረቀት ብዙም ስለማይወፍር ይቃጠላል፣ ይበሳል። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት የሰፈር ጋራዥ ብየዳ ድስቱን ከመያዙ በፊት ያፈሰዋል። የብረት ሙቀጫና አብዛኛው ፑሌጃ (የቺንጋ መዘውር) በሻጋታ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ዚንክ የተቀባ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። ወተት መጠጣት አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ዚንኩን ከሚበየድበት ቦታ ፍቆ ማንሣት፣ ደጅ መሥራትና ተገቢ ማስክ ማድረግ ነው።

ለጠባይ ግን ብየዳ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ሐሳብ መቀየር አይፈቅድም። አንገቱ የተበየደ ሮቦት አንገቱን አንድ ጊዜ አዞረ፣ በቃ። ራሳችሁ የማትበይዱ ከሆነም ሌላ ፈተና አለ። የበያጅ ሙያ ማቃናት ነው። የተጣመመ አንገት ሲያይ እጁ አያርፍም፣ በቅንነት አቃንቶ ያስረክባችኋል። ዘንበል ያለው ሆን ተብሎ መሆኑን በጠመኔ አስምሩበት፣ ከቻላችሁም አጠገቡ ቁሙ።

ብሎንና ዳዶ ዘገምተኛ ነው፣ ቀዳዳ መብሳት ይጠይቃል፣ ነገር ግን ይፈታል። የእኔ ምርጫ ይኸው ነው። ዝርዝሩ ብዙ አይደለም፦ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት)፣ ክብ ድስት ላይ ትራፓኖው እንዳይንሸራተት አስቀድሞ በምስማር ጫፍ የተመታ ነጥብ። መንቀሳቀስ ያለበት ክርን ወይም አንገት ላይ ዳዶውን በሁለተኛ ዳዶ ቆልፉት፤ ጠበቅ ብሎም ይዞራል። እንዲህ የተሠራ ሮቦት ጠባዩን ቀስ በቀስ ትፈልጉለታላችሁ። ዛሬ ራሱን ደፍቶ ይውላል፣ ነገ ቀና ታደርጉታላችሁ፣ የቱ እሱ እንደሆነ የምታውቁት በማየት ነው። በስተጀርባ እጅ የማያስገባ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ፔርሙዝ ላይ፣ ሪቬት (በመሣሪያ ተስቦ የሚጨመቅ ምስማር) ይተካዋል፤ እሱ የሚፈልገው ከውጭ በኩል ብቻ መድረስን ነው።

ማጣበቂያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዓይነቱ ነው። ባለ ሁለት ቱቦው ኤፖክሲ ብረትን ከመስታወትና ከፕላስቲክ ጋር በደንብ ይይዛል፣ ሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀና ከቅባት ከጸዳ። "አምስት ደቂቃ" ቢልም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ24 ሰዓት ገደማ ነው። በሽጉጥ የሚወጣው ትኩስ ሙጫ ለልጆች ሥራ ይበቃል፣ ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ ግን ይለሰልስና ይለቃል። ዓይን፣ ቁልፍና ጌጥ ይጣበቅ። ክብደት የሚሸከም ነገር፣ በተለይ እግር፣ በማጣበቂያ አይታመንም።

ሁለት መንገድ ማዋሐድም ይቻላል፦ በብሎን ሠርቶ፣ ጠባዩ ከተገኘ በኋላ የብረቱን መጋጠሚያዎች ብቻ ማስበየድ። ደጅ ለሚቆም ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ይንቀሳቀስ ወይስ ዝም ይበል?

ሞተር ጠባይ አይሰጥም። ጠባይ ያለውን ያጎላል፣ የሌለውን ያጋልጣል። ስዊዘርላንዳዊው ቀራፂ ዣን ቲንግሊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ከቆሻሻ መጣያ በሰበሰበው ዕቃ ራሱን የሚያፈርስ ማሽን አቁሞ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ እሳት ተነሥቶበት በእሳት አደጋ ሠራተኞች እጅ አለቀ። ሰው የሚያስታውሰው መንቀጥቀጡንና እንቢተኛነቱን እንጂ የሞተሩን ጉልበት አይደለም።

ስለዚህ ከቀላሉ ጀምሩ። አንገቱ ሥር አንድ ሞላ ብታስገቡ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አይበላሽም። እሺ ባይ ጠባይ ላለው ሮቦት ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም።

ቀጥሎ መብራት ነው። የአሮጌ ስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይሰጣል። ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ አምፖል) 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ የቀረው 3 ቮልት ለ20 ሚሊ አምፒር 150 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ዕቃ) ይጠይቃል፤ ለነጭ 100 ኦም ይበቃል። እኔ ግን 330 ኦም እመርጣለሁ። በሙሉ ኃይሉ የሚያበራ ዓይን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ደብዘዝ ሲል ግን የሚያስብ ይመስላል። በካውያና በስታኞ (በማቅለጫውና በሚቀልጠው ማያያዣ ብረት) ስትሠሩ መስኮት ይከፈት፣ ከሥራው በኋላ እጅ ይታጠብ፤ ከአሮጌ ሰሌዳ የሚነሣው ስታኞ እርሳስ አለበት።

የግድ ሞተር ካላችሁ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ዝግ ያለና ጉልበተኛ ነው፣ የሽማግሌ እጅ ያነሣል። በ12 ቮልት በርካታ አምፒር ስለሚስብ የስልክ ቻርጀር አይችለውም። የካሴት ማጫወቻ ሞተር ተቃራኒው ነው፤ ፈጣንና አቅመ ቢስ፣ ለሚንቀጠቀጥ አንቴና ወይም ለሚርገበገብ ፀጉር ብቻ። የፕሪንተሩ ሞተር ብዙ ጊዜ በተቆጠረ እርምጃ በትክክል ይዞራል፣ ግን መቆጣጠሪያ ሰሌዳና ፕሮግራም ይፈልጋል። ያንን ለሁለተኛው ሮቦት አቆዩት።

ቀለምና መቆሚያ

ሙሉ ሰውነቱን አንድ ቀለም መቀባት ምናለሽ ተራ ድረስ የተሄደበትን ድካም መሸፈን ነው፤ ከገዛችሁት ታሪክ የሚተርፈው ቅርጹ ብቻ ይሆናል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፋችሁ ማት (የማያብለጨልጭ) ቬርኒሽ ቀቡት። ቀለም የግድ ካስፈለገ አንድ ቦታ ላይ ይሁን፦ ቀይ ጫማ፣ ሰማያዊ ኮፍያ። ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነውና ጠባዩን የሚናገረውን አካል ምረጡለት።

ለመቆሚያ ያረጀ የፍሬን ዲስክ ከእንጨት ጣውላ ይሻላል። ከብዶ ወደ ታች ይይዘዋል፣ ለብሎን የሚሆን ቀዳዳም አብሮት መጥቷል። ሮቦቱ ወደ ፊት የሚያጋድል ከሆነ የዲስኩ መሐል ከሆዱ ሥር ሳይሆን ከደረቱ ሥር ይሁን። ደጅ የሚያድር ሮቦት ሆዱ ድስት ከሆነ ደግሞ ከታችኛው ጎኑ አንድ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱለት፤ ሐምሌ ላይ ውኃ ሲሞላ የሚከብደው ሆዱ ብቻ አይደለም፣ የአንገቱ ብሎንም አብሮ ይዝጋል።